የነቢዩ ሐጌን ማስጠንቀቂያ ወደ ዕለት ኑሮ የማምጣት መመሪያ (በ24 ቀን)

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ወንጌልን ሳነብ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይገባኛል። ነቢያትን ሳነብ ግን የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፍቼ የማነብ ይመስለኛል። ማስጠንቀቂያውን ወደ ራሴ ኑሮ የማመጣው እንዴት ነው?" ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላው ከጸሎት በኋላ በር ላይ ቆሜ ስመልስ ቆየሁ። ቆሞ የሚነገር መልስ ደግሞ ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት።

ለመለማመጃ የመረጥኩት ነቢዩ ሐጌን ነው። መጽሐፉ 2 ምዕራፍ፣ 38 ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መልእክቶቹ ሁሉ ቀን አላቸው። የፈረሰውን መቅደስ ስለ ተዉት ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያው የተነገረው በስድስተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን ነው። ሰዎቹ ተነሥተው የመቅደሱን ሥራ የጀመሩት በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ነው። ይህን ልክ ይዘን እንሄዳለን።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- መጽሐፍ ቅዱስ። ቢቻል የታተመ ይሁን፤ በስልክ ስታነቡ መልእክት ይገባና ሐሳባችሁ ይበተናል።
- ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። 10 ገጽ ያህል ይበቃል።
- ለመጀመሪያው ቀን 45 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 10 ደቂቃ።
- የስልካችሁ የአጠቃቀም መዝገብ። በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ እንዳሳለፋችሁ የሚያሳየው ገጽ ማለቴ ነው።
- የአንድ ወር የገንዘብ ወጪና ገቢ፣ በግምትም ቢሆን።
- የምታምኑት አንድ ሰው። የንስሐ አባት፣ መጋቢ፣ ወይም በእምነት የበሰለ ጓደኛ። ይህኛውን አትዝለሉ፤ ደረጃ 6 ላይ ያለ እሱ አይሠራም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

*አንደኛ፦ የሰው ችግር መመርመሪያ አታድርጉት።* ሐጌ ስለ ድርቅና ስለ ጎደለ እህል ይናገራል። ይህ ቋንቋ ከዘዳግም 28 የመጣ ነው። እዚያ እግዚአብሔር ለእስራኤል ሕዝብ በቃል ኪዳን የተናገረው አለ፤ "ብዙ ዘር ታወጣለህ፣ ጥቂት ትሰበስባለህ" የሚለው ዓይነት ነገር። ሐጌ ያንን እያስታወሳቸው ነው። የጎረቤታችሁን ማጣት አይታችሁ "እግዚአብሔርን ስላላስቀደመ ነው" ብትሉ ግን ነቢዩ ያላለውን ትላላችሁ። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው "ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው?" ሲሉ ጌታ ምን እንደመለሰላቸው አንብቡ። የኢዮብ ወዳጆችም የተወቀሱት እንዲህ ባለ ንግግር ነው።

*ሁለተኛ፦ ገንዘብ ማሰባሰቢያ አታድርጉት።* "ሐጌ ቤት ሥሩ ብሏልና ለሕንፃው አዋጡ" የሚለው አቋራጭ ነው። መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን ከኢየሩሳሌም መቅደስ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አንድ ሕንፃ መዝለል መሃል ላይ ያለውን ክርስቶስን ያስዘልላል። ደረጃ 2 ላይ እመለስበታለሁ።

*ሦስተኛ፦ ሐዘን ላይ ከሆናችሁ ወይም ከባድ ድካም ውስጥ ካላችሁ ከዚህ አትጀምሩ።* በቅርቡ ሰው የቀበረ፣ የታመመ፣ ወይም ሁልጊዜ ራሱን በመውቀስ የሚሠቃይ ሰው ራሱን ወደ መመርመር ቢገባ ቁስሉን ያሰፋል። እናንተ ከሆናችሁ ሐጌ 1፥13ን እና 2፥4ን ብቻ አንብቡ። "እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ" ይላል። እዚያ ላይ ቆዩ። ሌላው ይደርሳል።

ማወቅ ያለባችሁ ዳራ፣ በአጭሩ

ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ተመልሶ የመቅደሱን መሠረት ጥሏል። ከዚያ የጎረቤት ተቃውሞ መጣ፤ ሥራው ቆመ። 16 ዓመት ያህል አለፈ። በንጉሥ ዳርዮስ 2ኛ ዓመት፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520፣ የእግዚአብሔር ቃል በሐጌ በኩል ወደ ገዢው ዘሩባቤልና ወደ ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ መጣ። ሕዝቡ "ጊዜው ገና ነው" ይል ነበር። የራሱ ቤት ግን በእንጨት ተለብጦ አምሮ ነበር። ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ዳራ ይበቃችኋል።

ደረጃ 1፦ ሙሉውን ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ (ቀን 1)

ቁጭ በሉና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ አንብቡ። ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ደግማችሁ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ሁለት ነገር አስምሩ።

ሀ) "ልባችሁን አድርጉ" ወይም "ልብ በሉ" የሚል ትእዛዝ ባያችሁ ቁጥር። በ1፥5፣ በ1፥7፣ በ2፥15፣ እና በ2፥18 ላይ ሁለት ጊዜ ታገኙታላችሁ። በ38 ቁጥር ውስጥ 5 ጊዜ ማለት ነው።

ለ) የቀን ስም የተጠራበትን ሁሉ።

ለምን ድምፅ አውጥቶ? በዓይን ብቻ ስናነብ የምናውቀውን እንዘላለን። ጆሮ ግን አይዘልም። ነቢዩም የተናገረው ለጆሮ ነው። በዕብራይስጡ የፈረሰው ቤት "ሐሬብ" ይባላል፤ በቁጥር 11 ላይ የመጣው ድርቅ ደግሞ "ሖሬብ" ነው። ሰሚው ሁለቱን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ ሲሰማ የፈረሰውን ቤትና የደረቀውን እርሻ ማያያዙ አይቀርም። ያ ግንኙነት ደረጃ 5 ላይ ያስፈልገናል።

ደረጃ 2፦ ለእነሱ ብቻ የተባለውንና ለእኛም የሚሆነውን ለዩ (ቀን 2)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ በሉ። ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ "ለእነሱ ብቻ"፣ በቀኝ "ለእኛም" ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

*ማስጠንቀቂያው የነካው ምንን ነበር?* ላዩን ሲያዩት ድንጋይና እንጨት ነው። ወደ 1፥8 ስትሄዱ ግን እግዚአብሔር በዚያ ቤት ደስ እንደሚለውና እንደሚመሰገን ይናገራል። በ1፥9 ደግሞ ቤቱ ፈርሶ ሳለ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ቤት እንደሚሮጥ ይላል። "ይሮጣል" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ይሮጡ ነበር። ጥያቄው ወዴት ነው።

*በክርስቶስ ምን ተለወጠ?* ዮሐንስ 2፥19–21 ላይ ጌታ ስለ መቅደስ ሲናገር ስለ ሰውነቱ እንደተናገረ ተጽፏል። ከዚያ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥16፣ ኤፌሶን 2፥19–22 እና 1ኛ ጴጥሮስ 2፥5ን አንብቡ። የእግዚአብሔር ማደሪያ አሁን በክርስቶስ የተያያዙ ሰዎች ናቸው። "የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደሆናችሁ አታውቁምን?" ሲል ጳውሎስ የሚያናግረው ብዙዎችን ነው። "እናንተ" ነው የሚለው፣ "አንተ" አይደለም። ስለዚህ የፈረሰ ነገር ስትፈልጉ የግል ጸሎታችሁ ላይ ብቻ አትቁሙ። በመካከላችሁ ያለው ፍቅር፣ የተኳረፋችሁት ወንድም፣ ማንም የማይጎበኛት አሮጊት፣ ቤት ውስጥ የጠፋው የጋራ ጸሎት፣ እነዚህ ሁሉ የቤቱ ግድግዳ ናቸው። ሰውነታችንም የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደሆነ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19 ይናገራል። ሁለቱንም ያዙ።

*ምን አልተለወጠም?* እግዚአብሔር መጀመሪያ መሆኑ። ጌታ በማቴዎስ 6፥33 "አስቀድማችሁ" ያለው ስለ ምግብና ልብስ እየተናገረ ነው። ሐጌም ስለ ምግብና ልብስ ሲናገር ነው "መንገዳችሁን ተመልከቱ" ያለው።

ስትጨርሱ በግራ በኩል የድርቁ ቅጣት፣ የዘይቱና የወይኑ መቀነስ፣ የኢየሩሳሌም ሕንፃ ይቀመጣሉ። በቀኝ በኩል ቅደም ተከተሉ፣ "ገና ነው" ማለት፣ "እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ" የሚለው ተስፋ ይቀመጣሉ። የእናንተ ገጽ ከዚህ ትንሽ ቢለይ አትጨነቁ። የግራው ባዶ ከሆነ ግን ተመለሱ። ሁሉን ወደ ራሳችሁ እየጎተታችሁ ነው።

ደረጃ 3፦ ለ7 ቀን መንገዳችሁን መዝግቡ (ቀን 3–9)

ሐጌ 1፥6ን እንደገና እዩት። መዝራት፣ መብላት፣ መጠጣት፣ መልበስ፣ ደመወዝን በቀዳዳ ከረጢት ማኖር። ነቢዩ "ስንት ሰዓት ጸለያችሁ?" አላለም። ሳህናቸውንና ከረጢታቸውን ነው ያሳያቸው። የልብ ቅደም ተከተል የሚታየው ተራ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ መዝገባችሁም ተራ ይሁን።

በየምሽቱ ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ፦

1. ሰዓት፦ ዛሬ ከሥራ ውጪ የነበረኝ ጊዜ የት ሄደ?
2. ገንዘብ፦ ዛሬ ሳላስብ ያወጣሁት ምንድን ነው? አስቤበትስ የሰጠሁት?
3. ሐሳብ፦ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ማታ ስተኛ መጨረሻ ያሰብኩት ምንድን ነው?

በግምት አትጻፉ። የስልኩን መዝገብ ክፈቱና ቁጥሩን ገልብጡ። ምክንያቱን ከራሴ ገጽ ላሳያችሁ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ በአራተኛው ቀን የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ "ስልክ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ከልጄ ጋር የቤት ሥራ 15 ደቂቃ፣ እሱም ስልክ ይዤ። ጸሎት፦ ደክሞኝ ተውኩት።" ዓመቱን ሙሉ ለራሴም ለሰውም የምለው "ጊዜ የለኝም" ነበር። ዋሽቼ አልነበረም። እውነት ጊዜ ያጣሁ ይመስለኝ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ ግን በየቀኑ 3 ሰዓት ይገባ ነበር፤ ከታች ተቀዶ ነበር እንጂ። ይህን ያየሁት ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲወርድ ነው።

በእነዚህ 7 ቀናት ምንም ነገር ለማስተካከል አትሞክሩ። ይህ ለብዙዎች ከባዱ ክፍል ነው። ዓይታችሁ ዝም በሉ። መለወጥ ከጀመራችሁ መዝገቡ የእናንተን ኑሮ ማሳየቱን ያቆምና ልታሳዩ የፈለጋችሁትን ሰው ያሳያል። በ7ኛው ቀን አቁሙ። ከዚያ በላይ መመዝገብ ራስን ወደ መቁጠር ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ "ገና ነው" ያላችሁትን ፈልጉ (ቀን 10)

አዲስ ገጽ ክፈቱ። ከላይ "ጊዜው አልደረሰም" ብላችሁ ጻፉ። ከሥር ለእግዚአብሔር ወይም ለሰው ማድረግ እንዳለባችሁ የምታውቁትን፣ ግን ያዘገያችሁትን ሁሉ ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሰበቡን ጻፉ። "ልጆቹ ከፍ ሲሉ።" "ሥራው ሲረጋጋ።" "ብድሩ ሲያልቅ።" "እሱ መጀመሪያ ይቅርታ ሲል።" ራሳችሁ የምትሉትን ቃል ጻፉ እንጂ አታሳምሩት።

አሁን ልብ በሉ፤ ሁሉም መዘግየት ኃጢአት አይደለም። መጠበቅ ያለበት ነገር አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰበብ በእነዚህ ጥያቄዎች ፈትኑት።

- ቀን አለው? እውነተኛ ጥበቃ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ይታወቃል። "ሐኪም ለ6 ሳምንት አትነሥ ብሎኛል" ቀን አለው። "ሲመቸኝ" የለውም።
- እየጠበቅሁ እየተዘጋጀሁ ነው?
- አንዱ ሰበብ ሲያልቅ ሌላ ተተካ? ባለፈው ዓመት ምን ብዬ ነበር?
- ይህ እንቅፋት ለራሴ ጉዳይ ሲሆን ያስቆመኛል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የሐጌ ሰሚዎች ውሸታሞች አልነበሩም። ተቃውሞው እውነት ነበር፤ ዕዝራ 4 ላይ ተጽፏል። ሥራው የቆመው በሰበብ ሳይሆን በችግር ነው። ነገር ግን ዓመታት አለፉ፣ ችግሩም ቀስ ብሎ ልማድ ሆነ። በዚያው ጊዜ ለየራሳቸው ቤት እንጨት ተገኘ፣ ጉልበት ተገኘ፣ ጊዜ ተገኘ። የእናንተም ሰበብ ሲጀመር እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ዛሬም እውነት ነው ወይ ነው።

ፈተናውን ያለፈውን ሰበብ "እውነት ነው" ብላችሁ ምልክት አድርጉበትና በሰላም ተዉት። ያላለፈውን አክብቡት።

ደረጃ 5፦ አንድ እንጨት ምረጡ (ቀን 11)

ከተከበቡት ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጡ። የትኛውን? የመዝገባችሁ ድርቀትና የፈረሰው ነገር የሚገናኙበትን። ለምሳሌ በመዝገቡ 7 ምሽት ሙሉ ስለ አንድ ሰው እየተናደዳችሁ ከተኛችሁና ያ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ ፍለጋው አልቋል።

ከዚያ ወደ እንጨት ለውጡት። በ1፥8 ላይ ትእዛዙ "ወደ ተራራው ውጡ፣ እንጨት አምጡ፣ ቤቱን ሥሩ" ነው። መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ግንባታ። "የተሻለ ክርስቲያን እሆናለሁ" እንጨት አይደለም፤ አንሥታችሁ ልትሸከሙት አትችሉም። እንጨት ማለት ሰው አይቶት "አዎ፣ ተደርጓል" የሚለው ነገር ነው።

አንድ ወንድም የነበረውን ልንገራችሁ፤ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ዝርዝሩ ላይ "ከወንድሜ ጋር መታረቅ" ብሎ ጻፈ። ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። "ይህ ተራራ ነው፣ እንጨቱ የቱ ነው?" አልኩት። "ልደውልለት" አለ። ስልኩን አወጣና ዝም አለ። ቁጥሩን አጥፍቶታል። ስለዚህ የመጀመሪያው እንጨት እናቱን "የወንድሜን ቁጥር ላኪልኝ" ማለት ሆነ። እሷ ምን እንደተሰማት አስቡት። ቁጥሩ በደቂቃ ውስጥ መጣ።

ሌሎች ምሳሌዎች፦

- "ጸሎቴን አስተካክላለሁ" የሚለው "ማታ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሳልከፍተው 10 ደቂቃ እጸልያለሁ" ይሁን።
- "ለድሆች ማሰብ አለብኝ" የሚለው "ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ሌላ ወጪ ሳልጀምር፣ ይህን ያህል ለይቼ ለዚህ ሰው እሰጣለሁ" ይሁን።
- "በቤተ ክርስቲያን ላገለግል" የሚለው "እሑድ ኃላፊውን አግኝቼ ምን እንደጎደለ እጠይቃለሁ" ይሁን።

ደረጃ 6፦ እንጨቱን ሰብስቡ (ቀን 12–23)

አሁን ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ሁለት ነገር ብቻ፦ እንጨቱ ምንድን ነው፣ የምትጀምሩት መቼ ነው። "ቀን 24 ላይ ጠይቀኝ" በሉት። በ1፥12 ላይ የታዘዙት ዘሩባቤል፣ ኢያሱና የቀረው ሕዝብ ሁሉ ናቸው። አንድም ሰው ለብቻው አልተነሣም። በ1፥14 ላይ ደግሞ መንፈሳቸውን ያነሣሣው እግዚአብሔር መሆኑ ተጽፏል። ስለዚህ በየቀኑ አጭር ጸሎት ይኑራችሁ፤ "ጌታ ሆይ፣ መንፈሴን አንሣ" ማለት ይበቃል። ይህ ደረጃ በጉልበት ብቻ ከተሠራ ከሳምንት በኋላ ይወድቃል።

የቀሩትን ቀናት ለዝግጅት ተጠቀሙባቸው። የሚያስፈልግ ዕቃ፣ መጠየቅ ያለበት ሰው፣ ባዶ መደረግ ያለበት ሰዓት። ዝግጅቱ በሁለት ቀን ካለቀ 24ን አትጠብቁ፤ ጀምሩ። 24 የመጨረሻው ጠርዝ ነው።

ደረጃ 7፦ ጀምሩ (ቀን 24)

ብዙ የሚባል የለም። አድርጉት። ቀኑን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ በ2፥18 ላይ ወደ ኋላ ተመልሰው ቀኑን ልብ እንዲሉ ተነግሯቸዋል። ያልተጻፈ ቀንን ልብ ማለት ያስቸግራል።

ደረጃ 8፦ "ይህ እንደ ምንም አይደለምን?" የሚለውን ድምፅ ጠብቁት

ሥራው ከተጀመረ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በሰባተኛው ወር በ21ኛው ቀን፣ ሐጌ ሌላ መልእክት አመጣ። የፊተኛውን ቤት ክብር ያዩ ሽማግሌዎች ነበሩ። አዲሱ በዓይናቸው እንደ ምንም ነበር። ነቢዩ ይህን አልደበቀም፤ እራሱ ጠየቃቸው። ከዚያ "በርቱ፣ ሥሩ፣ እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ" የሚል ቃል መጣ።

እናንተም ላይ ይመጣል። 10 ደቂቃ ጸሎት ትጀምሩና ድሮ ሌሊቱን ሙሉ ትጸልዩ የነበረው ትዝ ይላችኋል። ወይም የሌላውን ሰው አገልግሎት ታያላችሁ። ስለዚህ ከጀመራችሁበት ቀን በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ላይ ሐጌ 2፥1–9ን እንድታነቡ አሁኑኑ ማስታወሻ ጻፉ። ተስፋ የመቁረጡ ሰዓት ሲመጣ መጽሐፍ የመክፈት ጉልበት አይኖራችሁም፤ ማስታወሻው ይክፈተው።

ደረጃ 9፦ ከ3 ወር በኋላ መርምሩ

ሥራው በተጀመረ ልክ በ3 ወሩ፣ በዘጠነኛው ወር በ24ኛው ቀን፣ ሐጌ ካህናቱን ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። አንድ ሰው የተቀደሰ ሥጋ በልብሱ ዘርፍ ቢይዝና ዘርፉ እንጀራ ቢነካ፣ እንጀራው ይቀደሳል? "አይ" አሉ። በሬሳ የረከሰ ሰው ቢነካውስ ይረክሳል? "አዎ" አሉ (2፥11–13)።

ለእኛ የሚሆነው ይህ ነው፦ ወደ ቅዱስ ነገር መጠጋት ብቻውን ልብን አይቀድስም። እንጨቱን ተሸክማችሁ፣ በየሳምንቱ አገልግላችሁ፣ በዚያው እጅ ሰው ልትበድሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ከቤተሰቤና ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንዴት ነኝ?" መልሱን ራሳችሁ አትስጡ። ከእናንተ ጋር የሚኖረውን ሰው ጠይቁ፣ ሲመልስም አታቋርጡት። ቁጡነት ወይም ትዕቢት ከጨመረ ሥራውን አትተዉ፤ ወደ ንስሐ ውሰዱት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*አምስት እንጨት በአንድ ጊዜ ማንሣት።* መዝገቡን ያየ ሰው ይደነግጥና ሁሉን ነገ ሊያስተካክል ይነሣል። በሁለተኛው ሳምንት አንዱም አይኖርም። አንዱ ይቁም፣ ከዚያ ሁለተኛው።

*ቤተሰብን እንደ ተሸለመ ቤት መቁጠር።* ሐጌ ሰዎች ቤት ስለነበራቸው አልወቀሳቸውም። የታመመ ልጅ ማስታመም፣ ወላጅ መጦር፣ ሠርቶ ማብላት ከእግዚአብሔር ሥራ የሚሸሹበት ነገር አይደለም። ራሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። አንዲት እናት ልጆቿን ትታ በየምሽቱ ለአገልግሎት ብትወጣ የሐጌን ቃል ፈጸመች ማለት አይቻልም።

*በረከትን እንደ ዕዳ መጠበቅ።* በ2፥19 ላይ "ከዚህ ቀን ጀምሮ እባርካችኋለሁ" ተብሏል። ይህ ስጦታ ነው። "እንጨቴን አምጥቻለሁ፣ ደመወዜ ለምን አልጨመረም?" ካላችሁ ደረጃ 2ን እንደገና ሥሩ።

*በሌላ ሰው ገጽ ላይ መጻፍ።* ባልና ሚስት ይህን አብረው ሲሠሩ ይህ ይከሰታል። እሱ የእሷን ሰበብ ያከብባል፣ እሷም የእሱን። እያንዳንዱ የራሱን ደብተር ይያዝ። እስከ ደረጃ 5 ድረስ አትለዋወጡ።

*ቀን 24 ደርሶ አለመጀመር።* ይህ ሲሆን ወደ ደረጃ 1 አትመለሱ። ደግሞ ማንበብ ራሱ አዲስ "ገና ነው" ይሆናል። ወደ ደረጃ 5 ብቻ ተመለሱ። እንጨቱን ለሁለት ቁረጡት፣ ቀለል ያለውን ያዙ፣ በ7 ቀን ውስጥ አዲስ ቀን ቁረጡ፣ ለዚያው ሰው ደውላችሁ አዲሱን ቀን ንገሩት።